የቱሉ ዲምቱው ክሊኒክ፦ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ያለው ክትትል

የስኳር ሕመምተኛዋ እናቴ ከ5 ዓመት በፊት አብዛኛው የጨጓራቸው ክፍል ተቆርጦ የወጣበትን ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሲሆን፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚከታተሉት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ክሊኒክ ነው።

የክሊኒኩ ብርታት ማብራሪያው ነው። ሐኪሟ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጨጓራ ስለው፣ ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከላይኛው የጨጓራ ክፍል በመሆኑ ያ ክፍል ሲወገድ መጠኑ እንደሚቀንስ፣ ምግብም ቶሎ ወደ ትንሹ አንጀት ስለሚደርስ ኢንሱሊን እንዲመነጭ የሚያግዘው ጂኤልፒ-1 የተባለው የአንጀት ሆርሞን ከምግብ በኋላ ከፍ እንደሚል አስረዱን። ለውጡ ለዓመታት ሊቆይ ቢችልም፣ ቆሽት ቀድሞ ከተዳከመ ወይም ክብደት ከተመለሰ ስኳሩ ሊያገረሽ ስለሚችል «ድኛለሁ ብለው እንዳይዘናጉ» ሲሉ አጥብቀው አሳሰቡ። እናቴ ግን የጠየቁት ስለ በዓል ዶሮ ወጥ ነበር።

የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር ምርመራ ውጤት በዕለቱ ይደርሳል። የቫይታሚን ቢ12 ናሙና ግን ወደ መሀል ከተማ ስለሚላክ ይዘገያል፤ አንድ ጊዜም ጠፍቶ እናቴ ዳግም ደም ሲሰጡ ይቅርታ የጠየቀን አልነበረም። ሆርሞኖቹ እዚያ አይለኩም፤ ለመደበኛ ክትትልም አያስፈልጉም። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል።