ሣጥኑ ላይ «ጂፒኤስ» ስለተጻፈ ብቻ ገንዘባችሁን እንዳታወጡ

ለብስክሌታችሁ የጂፒኤስ ኮምፒውተር (መሪው ላይ ተገጥሞ ፍጥነት፣ ርቀትና ያላችሁበትን ቦታ የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ) ልትገዙ እያሰባችሁ ከሆነ «ግዛ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ተሸውጃለሁ፤ ያውም በአንድ ሻጭ። ስሙን አልጠራም። አንዱ ዕቃ በአምስት ዓይነት ስም ስለሚሸጥ ስሙን ብነግራችሁ ከአንዱ አምልጣችሁ አራቱ ላይ ትወድቃላችሁ። ዘዴውን ብታውቁት ይሻላል።

ማስታወቂያው የማይለው ነገር አልነበረም፤ ጂፒኤስ፣ ናቪጌሽን፣ የዳገት መለኪያ፣ ካሎሪ፣ ውሃ የማያስገባ። ከላዩ «ቅናሹ ዛሬ ብቻ» የሚል ቀይ ጽሑፍና ወደኋላ የሚቆጥር ሰዓት ተለጥፎበታል። ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ እንደገና ከ24 እንደሚጀምር ያየሁት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ዕቃው ሲመጣ ለዓይን ያምራል። አፑን ስልኬ ላይ ጫንኩ፣ በብሉቱዝ አገናኘሁ፣ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ፍጥነቱም ርቀቱም ይቆጠራል፤ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ሦስተኛ ቀን ላይ መሃል መንገድ የስልኬ ባትሪ አለቀ። ወዲያው መሪው ላይ ያለው ስክሪን ፍጥነቱን አጥፍቶ ሁለት ሰረዝ አወጣ። እኔ ቁልቁለት ላይ ነኝ፣ ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል፣ እሱ ግን «- -» ብሎ ቁጭ ብሏል። ብልሽት መስሎኝ አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው ሰረዝ ነው። ቤት ገብቼ አብራው የመጣችውን የተጣጠፈች ወረቀት ዘርግቼ ሳነብ፣ ያለቀ ባትሪ የት እንደሚጣል ከሚያወራው አንቀጽ ሥር አንዲት መስመር አገኘሁ፦ «የቦታ መረጃ ከተገናኘው ስልክ ይገኛል»። ለካ ዕቃው ውስጥ የጂፒኤስ መቀበያ የሚባል ነገር የለም። የገዛሁት ለስልኬ ሁለተኛ ስክሪን ነው!

ለሻጩ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ እንዳለ ይኸው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ከጂፒኤስ ጋር ይሠራል ነው ያልነው፤ ጂፒኤስ አለው አላልንም።» አይገርምም? ቀጥሎ ደግሞ፦ «ልዩነቱን ጨምረው ከፍ ያለውን ሞዴል ይውሰዱ፤ እሱ የራሱ መቀበያ አለው።» እልህ ይሁን ሞኝነት እንጃ፣ ጨምሬ ወሰድኩ።

ወደ ሁለተኛው ከመሄዴ በፊት የመጀመሪያውን ማጥመጃ እንጨርሰው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው የሚዞሩት፤ መቀበያው ደግሞ ከእነሱ የሚመጣውን ምልክት መስማት እንጂ ምንም አይልክም። ቢያንስ አራት ሳተላይት ከሰማ ያላችሁበትን ቦታና ከፍታ ያሰላል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ሲም ካርድ አያስፈልገውም፣ ስልክም አያስፈልገውም። እንግዲህ ፈተናው ቀላል ነው። ስልካችሁን አጥፉ፤ የበረራ ሁነታ አይደለም፣ ጭራሽ አጥፉት። ዕቃውን ይዛችሁ ሰማይ ወደሚታይበት ሜዳ ውጡና ጥቂት ደቂቃ ተጓዙ። የዞረ ጎማ የሚቆጥር ሰንሰር ከገጠማችሁ እሱንም አውልቁ፤ አለበለዚያ ፍጥነቱ ከሰንሰሩ እየመጣ ያታልላችኋል። ፍጥነትና ርቀት ካሳየ መቀበያ አለው። ሰረዝ ካሳየ በዚያው ቀን ወደ ሻጩ መልሱት።

ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ሲበራ ቢዘገይ አትፍረዱበት። ሳተላይቱ መረጃውን የሚልከው በሰከንድ 50 ቢት ነው፤ የራሱን ምሕዋር ለመናገር ብቻ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ የሌሎቹን ሳተላይቶች ማውጫ ጨርሶ ለማስተላለፍ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል። ስልክ ሲገናኝ ቶሎ የሚይዘው ይህንኑ መረጃ ከኢንተርኔት አስቀድሞ ስለሚያወርድለት ነው። ስለዚህ ጫማችሁን እያሰራችሁ ደጅ አብርታችሁ አስቀምጡትና እስኪይዝ ጠብቁ። ጣራ ሥር አብርቶ ወዲያው እየነዱ መውጣት ከጥሩ ዕቃም የተወላገደ መስመር ያስገኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው። መቀበያ አለው፤ በዚህስ አልዋሹም። የዋሹት «ናቪጌሽን» በምትለው ቃል ነው። እኔ ናቪጌሽን ሲባል የመንገድ ካርታ ያለው፣ ግራ ታጠፍ ቀኝ ታጠፍ የሚል፣ ብሳሳት አዲስ መንገድ የሚያወጣልኝ ነበር የመሰለኝ። እሱ የሚያሳየው ባዶ ስክሪን ላይ የተሰመረ አንድ ክርና በክሩ ላይ የምትሄድ ቀስት ነው። ጭጋግ በወረደበት ጠዋት ጫካ ውስጥ ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ደረስኩ። ከሦስቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚጀምሩት፤ ክሩ ደግሞ በሁለቱ መሃል ያልፋል። አንዱን መርጬ ገባሁ። መቶ ሜትር ያህል ሄጄ ጢጥ ጢጥ አለና «ከመስመር ወጥተዋል» አለኝ። ታዲያ በየት ልመለስ? እሱ አያውቅም። ስክሪኑ ላይ መንገድ የለማ፣ ክር ብቻ! በዚያ ጠዋት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልናገርም።

ክር መከተል በራሱ ነውር አይደለም። አስፋልት ለሚነዳ፣ መንገዱንም ለሚያውቅ ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ ባትሪም ይቆጥባል። ነውሩ ክሩን በካርታ ዋጋ መሸጥ ነው። ስለዚህ «ናቪጌሽን አለው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አለው ይላችኋል። «ካርታው ዕቃው ውስጥ ነው የሚቀመጠው ወይስ ስልኩ ላይ? ከመስመር ስወጣ ስልክ ሳይኖር ራሱ አዲስ መንገድ ያሰላል?» በሉ። ካርታ አላቸው ከሚባሉት ውስጥም ሥዕሉን ብቻ አሳይተው ስሌቱን ለስልክ የሚተዉ አሉ። የብዙዎቹ ካርታ የሚሠራው ሰዎች በነፃ ከሚያዘጋጁት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው፤ ስለዚህ «ልዩ ካርታ» እየተባለ የሚጨመርባችሁን ዋጋ ቆም ብላችሁ አስቡበት።

ከፍታው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ መንገድ አብረን ሄደን አብረን ተመለስን። የእነሱ ዕቃ 700 ሜትር ያህል ዳገት ወጣን አለ፤ የእኔ 1,900። መጀመሪያ ጉራ ቢጤ ቃጣኝ፣ ኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ሳተላይቶቹ ሁሉ ያሉት ከላያችን ነው፤ ከሥራችን አንድም የለም። ስለዚህ የጂፒኤስ ስሕተት ወደ ጎን ከሚሆነው ይልቅ ወደ ላይና ወደ ታች ይብሳል። ሜዳ ላይ ስትሄዱ ቁጥሩ ሦስት ሜትር ወጣ፣ አራት ሜትር ወረደ ይላል፤ ዕቃው መውጣቱን ብቻ እየደመረ ተራራ ይሠራላችኋል። ደህና ዕቃ ለዚህ ባሮሜትር አለው፤ የአየር ግፊት ይለካል። ከባሕር ጠለል አካባቢ ግፊቱ አንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲቀንስ ወደ 8 ሜትር ወጥታችኋል ማለት ነው። በዚህ ትንንሽ ዳገት ሳይቀር ይያዛል። የእኔው «የዳገት መለኪያ» ባሮሜትር የለውም። ምላሴን አውጥቼ ዳገት ስወጣ 14 በመቶ ቁልቁለት ነው ሲለኝ ከመሳቅ በቀር ምን አደርጋለሁ?

ባሮሜትርም ቢሆን እንከን አያጣውም። የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ግፊቱም ስለሚለወጥ ቆማችሁ ሳለ ከፍታው ይንሸራተታል። ከፍታውን የምታውቁት ቦታ ላይ ስትነሱ አስተካክሉት። አየር የሚያስገባው ቀዳዳ በላብና በጭቃ እንዳይደፈንም አጽዱት።

ካሎሪውን እርሱት። የልብ ምት ወይም የጉልበት መለኪያ ሳይገጠም የሚወጣ የካሎሪ ቁጥር ከክብደትና ከፍጥነት ተነሥቶ የተገመተ ነው።

«ውሃ የማያስገባ» የሚለውም ቁጥር ከሌለው ባዶ ቃል ነው። አይፒኤክስ7 ከተባለ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቆይቶ ተፈትኗል ማለት ነው። ያ ግን ብስክሌት ሲታጠብ በቱቦ ለሚለቀቅ ኃይለኛ ውሃ ዋስትና አይደለም፤ ዕቃውን አውልቃችሁ እጠቡ። ቻርጅ ማድረጊያው በውል ሳይደርቅም ኬብል አትሰኩበት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን መረጃዬ ነው። የሄድኩበትን ላወጣ በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፤ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ምንም አይልም። ፋይሉ የሚወጣው በእነሱ አፕ ብቻ ነው፣ አፑ ደግሞ አካውንት ይጠይቃል፣ የስልክ ማውጫዬንም ላንብብ ይላል። ብስክሌት ስነዳ የማን ስልክ ቁጥር ያስፈልገዋል? አንድ ቀን አፑን ቢዘጉት የሁለት ዓመት ጉዞዬ አብሮ ተቀበረ ማለት ነው። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ትልቁ የጂፒኤስ ዕቃ አምራች ጋርሚን እንኳ በሳይበር ጥቃት ሰርቨሮቹ ለቀናት ቆመውበት ነበር። ያን ጊዜ ተጠቃሚዎቹ ጉዞው የተመዘገበበትን «ፊት» (FIT) የሚባል ፋይል ከዕቃው ላይ በኬብል እየገለበጡ በእጃቸው ስትራቫ ላይ፣ ጉዞ መዝግቦ ለሌላ ሰው በሚያሳየው አፕ ላይ ማለቴ ነው፣ ይጭኑ ነበር። እንዲህ ማድረግ የሚፈቅድ ዕቃ ፈልጉ። ስትራቫ ላይ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ጉዞው የሚነሣበትንና የሚያልቅበትን ቦታ ደብቁ፤ ውድ ብስክሌት የት እንደሚያድር በገዛ እጃችሁ ካርታ እየሰጣችሁ እንዳይሆን።

መግጠሚያውን በዓይናችሁ ሳይሆን በጣታችሁ መርምሩ። አብዛኞቹ ሩብ ዙር ተዙረው የሚቆለፉት ከጀርባቸው ባሉ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጆሮዎች ነው። የእኔው አንዱ ጆሮ ኮረኮንች መንገድ ላይ ተቆረጠ። ደህና ዕቃ ላይ ጆሮዎቹ ያሉበት ሳህን በብሎን ታስሮ የሚለወጥ ነው፤ የእኔ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ የአንዲት ጆሮ ነገር ሙሉውን ዕቃ ከጥቅም ውጭ አደረገው። አሁን በላስቲክ ታስሮ ነው የሚሄደው። የእናንተ ደህና ቢሆንም በቀጭን ገመድ ከመሪው ጋር እሰሩት።

የባትሪውን ነገር በአጭሩ፦ 20 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው መብራቱ ጠፍቶ፣ መስመር ሳይከተል፣ ሰንሰር ሳይገናኝ ሊሆን ይችላል። እኔ መብራቱን አብርቼ ክሩን ስከተል ከዘጠኝ ሰዓት ብዙም አላለፈልኝም። ብርድ ላይ ደግሞ ይብስበታል።

ያገለገለ የምትገዙም ብትሆኑ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ጂፒኤስ ሳምንቱን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጨረሻ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ስለሆነ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ አሮጌ መቀበያዎች ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ ይወስዱታል። ዕቃው ሳተላይት ይዞም የተሳሳተ ዓመት ካሳየ አምራቹ ማደስ ትቶታል ማለት ሊሆን ስለሚችል ተዉት።

ከዕቃው ጋር የጎማ ሰንሰር ከመጣላችሁ የጎማችሁን ዙሪያ ራሳችሁ ለኩ። መሬት ላይ ምልክት አድርጉ፣ የጎማውን አየር መሙያ ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ዙር ግፉ፣ ርቀቱን በሚሊ ሜትር ጻፉ። ጎኑ ላይ 700 በ25 የሚል መጠን የተጻፈበት ጎማ ወደ 2,105 ይመጣል፣ 700 በ32 ወደ 2,155። ሁለቱን ብታቀያይሩ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ትሳሳታላችሁ።

የመጨረሻው ነገር። ገንዘቤን ለማስመለስ ስሞክር መረጃ አምጣ ተባልኩ። ማስታወቂያውን ልከፍት ስሄድ «ጂፒኤስ» የሚለው ቃል «ጂፒኤስ ደጋፊ» ተብሎ ተቀይሯል፤ የበፊቱን ፎቶ አላነሣሁትም። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ማስታወቂያውን እስከ ታች ድረስ ስክሪንሾት አንሡት። «ስልክ ሳይኖር ምን ምን ይሠራል?» ብላችሁም በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። መልሱ «ደውሉልን እናስረዳዎታለን» ከሆነ፣ አትደውሉ።