ውዱን ጣውላ አትግዛ ላሉኝ አናጢ

ሬንተንና በሲያትል ዙሪያ ያላችሁ ወገኖች፣ አጥር ልታሠሩ ካሰባችሁ ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

በኖቬምበር 2024 የመጣውን ነፋስ መቼም አትረሱትም። መብራታችንን ወሰደ፣ የእኔን የጓሮ አጥር ደግሞ አጋደመው። ገንዘብ እስካጠራቅም ጓሮው ክፍቱን ከረመ። በኋላ አንድ ድርጅት ጠርቼ ባስገምት፣ ሁሉም በክሊር ሴዳር ይሠራ አሉኝ። ሴዳር እዚህ አጥር የሚሠራበት እንጨት ነው፤ ክሊር ማለት ደግሞ ጉጥ የሌለበት ንጹሕ ጣውላ ነው። ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩ። ቢሆንም ውድ ነገር ይበረክታል ብዬ ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ጓደኛዬ «መጀመሪያ ጋሼን አሳያቸው» አለኝ። ጋሼ የእኛው አገር ሰው፣ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የገፉ ናቸው። መጥተው የወደቀውን አጥር አገላብጠው አዩ። አንዱን ምሰሶ በጫማቸው ገፋ ቢያደርጉት አፈር የነካው በኩል ፍርፍር አለ። «ጣውላው ምን በደለ? የሞተው ምሰሶው ነው» አሉ። እውነትም ጣውላው ግራጫ ሆኗል እንጂ ደህና ነው።

«ክሊሩስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የጎረቤት ውሻ ለሚያየው አጥር?»

ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ክሊር ምናምን የሚሉት የጣውላ ደረጃ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ መልክ ነው። ሴዳርን ከብስባሽ የሚጠብቀው የግንዱ ውስጠኛ ቀይ ክፍል ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ግን ስሙ ሴዳር ቢሆንም ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጉጥ ያለው ግን ቀይ የሆነ ጣውላ፣ ንጹሕ ሆኖ ነጭ ከበዛበት ይሻላል። ለአጥር «ታይት ኖት» የሚሉት ይበቃል፤ ጉጡ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘ፣ የማይነቀል ማለት ነው። ከዚያ በታች ባለው ርካሹ ደረጃ ጉጡ ሊወልቅና ቀዳዳ ሊተው ይችላል።

መደብሩም አብረውኝ ሄዱ። ጣውላውን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ጉጡን በአውራ ጣት እየተጫኑ፣ እንደ ጠመንጃ በአንድ ዓይን እያነጣጠሩ ቀጥ ያለውን መረጡ። የተዉትንም መልሰው በሥርዓት ደረደሩት። እኔ አፍሬ መኪናው ጋ ቆሜ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ፈጅቷል።

ለምሰሶ ሴዳር አላስገዙኝም። መድኃኒት የተነከረ፣ 4 በ4 ኢንች የሚሉት፣ 8 ጫማ ርዝመት ያለው ነው የገዛነው፤ 2 ጫማው መሬት ይገባል። ከመቆፈራችን በፊት 811 አስደወሉኝ፤ የጋዝና የመብራት መስመሩን በነጻ መጥተው ምልክት ያደርጋሉ። ሚስማሩ ደግሞ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ካልሆነ የሴዳሩ አሲድ ያበላሸውና በዝናብ ጊዜ ጥቁር እንባ ያወርዳል። የድሮው አጥሬ ላይ እኮ ለዓመታት ሳየው ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር። ጣውላው እርጥብ ስለነበርም ጠጋ ጠጋ አድርገው መቱት፤ ሲደርቅ ራሱ ይከፈታል ብለው። ተከፍቷል። ታችኛው ጫፍ አፈር እንዳይነካም ሁለት ኢንች ያህል ከፍ አድርገውታል።

በሥራው መሃል ሴዳርን በአማርኛ ምን እንደምንለው ጠየቅኳቸው። መጽሐፍ ቅዱሱ የሊባኖሱን ዝግባ ይለዋል። ይሄ የዋሽንግተኑ ግን የሊባኖሱ የቅርብ ዘመድ አይደለም፣ ይልቅ ለእኛ ጥድ ይቀርባል። ጋሼ ፍቅፋቂውን አሽትተው «የአባቴ አጥር» አሉ። የጥድ ምሰሶ ነበር አሉ፣ ምስጥ የማይደፍረው።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ ጋሼ ፈጣን አይደሉም። እሑድ አይሠሩም፣ ቡናም ካልተፈላ ቅር ይላቸዋል። ሂሳቡ ግን ከመጀመሪያው ግምት በእጅጉ ያነሰ ነበር። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀን ደውላችሁ ካላነሱ አትቀየሙ፣ መሰላል ላይ ናቸው፤ ማታ ራሳቸው ይደውላሉ።