ለደጋ የትኛው ሞተር ብስክሌት ይሻላል? ካርቡራተር፣ ኢንጀክሽን፣ ተለቅ ያለ ሲሊንደር እና ኤሌክትሪክ

አምራቾች በመግለጫቸው ላይ የሚያሰፍሩት የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል አየር የተለካ ወይም በስሌት ወደዚያ የተመለሰ ነው። ገዢው ግን ሞተሩን የሚነዳው አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ነው። ስለዚህ በደጋ ለሚኖር ሰው ሁለት ሞተሮችን ማነጻጸር የሚጀምረው ከወረቀቱ ቁጥር ላይ የከፍታውን ድርሻ በመቀነስ ነው።

አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት በአየር የሚሞላው ቦታ ስፋት አይለወጥም፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን በዚያው ልክ ያነሰ ስለሆነ ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚንም ያንሳል። በሀገራችን በስፋት የሚታወቀው ቦክሰር 150 ወደ 12 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ይነገራል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው ወደ 9 ገደማ ሲሆን፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። እንዲያውም የሞተሩ የውስጥ ሰበቃ ከአየሩ ጋር አብሮ ስለማይቀንስ፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ኪሳራ ከዚህ ስሌት ትንሽ ይብሳል። በሌላ አነጋገር አዲስ አበባ ላይ ባለ 150 ሲሲ (ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት መለኪያ ነው) የገዛ ሰው የሚነዳው በባሕር ወለል ሚዛን 112 ሲሲ ያህል ነው፤ ባለ 125 የገዛው ደግሞ ከ95 አይበልጥም።

ብዙ ሻጮች «ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ከፍታ አይነካውም» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው፤ ገዢን የሚያስትም እሱ ይመስለኛል። ኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚረጨው ዘዴ፣ የአየሩን ግፊት በሴንሰር ለክቶ የቤንዚኑን መጠን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል እንጂ የሌለ ኦክስጅን አይፈጥርም። ስለዚህ እኩል ሲሲ ካላቸው ሁለት ሞተሮች መካከል ኢንጀክሽን ያለውም ቢሆን ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል።

ካርቡራተር (ያለ ኤሌክትሮኒክስ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ግን ከዚህ ሌላ ተጨማሪ ችግር አለበት። ቤንዚን የሚቀዳው በአየሩ ፍሰት ስበት ሲሆን፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በአየሩ ልክ ሳይሆን በካሬ ሥሩ ነው። አየሩ ወደ 75 በመቶ ሲወርድ ቤንዚኑ ወደ 87 በመቶ ብቻ ስለሚወርድ፣ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ከሚገባው 15 በመቶ ያህል የወፈረ፣ ማለትም ቤንዚን የበዛበት፣ ድብልቅ ይሰጣል። ምልክቱም ካንዴላው ላይ የሚታይ ጥቁር ደረቅ ጥላሸት፣ ከማርሚታው የሚወጣ ጥቁር ጭስ፣ ማጣደፍ ሲፈለግ የሚያንቅ ሞተር እና ያለ ምክንያት የሚጨምር የቤንዚን ወጪ ነው። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፤ ጀት የምትባለውን ባለቀዳዳ የናስ ብሎን አነስ ባለ ቀዳዳ ቀይሮ የዝግታ ዙሩን ማስተካከል ለሠለጠነ መካኒክ ረጅም ሥራ አይደለም። ሕይወቱን ሙሉ በአንድ ከተማ ለሚሠራ የመልእክት ወይም የዕቃ ማድረሻ ሞተር፣ አንድ ጊዜ በሚገባ የተስተካከለ ካርቡራተር ከኢንጀክሽን እምብዛም አያንስም፤ ሲበላሽም በየሰፈሩ የሚጠግነው አይጠፋም።

ነገሩ የሚለወጠው መንገዱ ሲወርድና ሲወጣ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ ከድልድዩ በኋላም ወደ ደጀን መልሶ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። በዚህ መንገድ ለቆላው የተስተካከለ ካርቡራተር ዳገቱ ላይ ይታነቃል። ለደጋው ጀቱ ያነሰለት ደግሞ ቆላ ሲደርስ ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ከልክ በላይ ስለሚያግል፣ ከደጋ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ወይም ሰመራ በሙሉ ጭነት የሚፈጥን ሰው ፒስተኑን ሊያጣ ይችላል። የወፈረ ድብልቅ የሚያስከፍለው ቤንዚን ሲሆን የሳሳ ድብልቅ ግን ሞተሩን ራሱን ነው። ስለሆነም ደጋና ቆላ ለሚያመላልስ ሰው ኢንጀክሽን በተጨማሪ ዋጋውም ቢሆን ያዋጣል እላለሁ፤ ሆኖም ሰው በራቀበት ገጠር ፓምፑ ወይም ሴንሰሩ ቢበላሽ በመፍቻ ብቻ እንደማይመለስ ማሰብ ይገባል።

የጠፋውን ጉልበት በእርግጥ የሚመልሰው ሲሲ ነው። ባለ 200 ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ የባለ 150ን የባሕር ወለል አቅም ይሰጣል፤ እንደ ያማሃ ኤጂ 200 ያሉ ለእርሻ ሥራ የተሠሩ ሞተሮች በገጠር ዳገት ከባለ 125ቱ የሚሻሉት በከፊል ለዚህ ነው። ስለዚህ በተቀራረበ ዋጋ ባለ 150 ኢንጀክሽንና ባለ 200 ካርቡራተር ቢቀርቡለት፣ ሁለት ሰው ወይም ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ደጋ ነዋሪ ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ። ገንዘቡ ለትልቅ ሲሲ ካልበቃ ደግሞ የፊቱን የካቴና ጥርስ ከ15 ወደ 14 ማውረድ ጎማውን የሚያዞረውን ኃይል በ7 በመቶ ያህል ይጨምረዋል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ደጋ ላይ ሞተሩ የላይኛውን ማርሽ ለመጎተት አስቀድሞም ይቸገር ነበር። ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ግን አያስፈልግም፤ በሳሳ አየር የሲሊንደሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩ የመንኳኳቱ አደጋ እዚህ ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን ስለማይሻ ቦሌ ላይ ያለው ጉልበት እንጦጦም ላይ ያው ነው። ችግሩ ባትሪው ላይ ነው። ከነጂው 200 ኪሎ የሚመዝን ሞተር 600 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት፣ ብክነቱ ሳይታሰብ 0.33 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 72 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 1.44 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ አንድ ዳገት ብቻ ሩቡን ይበላል። ከተማ ውስጥ ለሚውልና ማታ ቤቱ ለሚሞላ ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም፤ በቀን ደጋግሞ ሽቅብ ለሚወጣ ዕቃ አድራሽ ግን ትርፍ ባትሪ የግዢው አካል ሆኖ መታሰብ አለበት።

ካርቡራተር ያለውን የመረጠ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሻጩን የጀቱን ቁጥር ይጠይቅ፤ ከዚያም ሰው ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ወጥቶ፣ ሲመለስ ካንዴላውን አስፈትቶ ቀለሙን ይመልከት። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ተስተካክሏል፤ ጥቁር ከሆነ የጀት መቀየሪያው በዋጋው ውስጥ እንዲካተት ይደራደር።