ኑቮ፣ ቪላዥ ወይስ ክሩ? የቦዦሌ ቀይ ወይን ለሚገዙ

ፈረንሳይ ውስጥ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን የሚመረተው የቦዦሌ ቀይ ወይን ጋሜ ከተባለው የወይን ዘር የሚጠመቅ ነው። የጋሜ ልጣጭ ስስ ስለሆነ አፍ የሚያደርቀው ታኒን አነስተኛ ነው፤ ጣዕሙም ወደ ቼሪና እንጆሪ ያደላል። ሦስቱን ዓይነቶች፣ ኑቮን፣ ቪላዥንና ክሩን የሚለያያቸው አፈሩና ጭማቂው ከልጣጩ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ወይኑ ምን ያህል እንደሚቆይም በእነዚሁ ይወሰናል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ጠርሙሱን መቼ እንደሚከፍቱት ይወስኑ።

ኑቮ ለዛሬ ነው። ዘለላው ሳይፈጭ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞላበት ዝግ ጋን ውስጥ ይገባና መብላላቱ ከፍሬው ውስጥ ይጀምራል፤ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ይጨመቃል። ብዙ ጊዜ የሚሸተው የሙዝና የከረሜላ ጠረን የሚመጣው ከዚሁ አሠራርና ከተመረጠው እርሾ ነው። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ለገበያ የሚወጣው በኖቬምበር ሦስተኛ ሐሙስ፣ ማለትም ኅዳር ከገባ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል። የአምናው ኑቮ በቅናሽ ተደርድሮ ቢያገኙት ይለፉት፤ ፍሬያማነቱ ከጠፋ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ ነው።

ቪላዥ በሰሜናዊው ክፍል ካሉ 38 መንደሮች ይመጣል። ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። የቦዦሌን ጣዕም ለማያውቅ ሰው የምንመክረው ይህንን ነው፤ ዋጋው ከኑቮ ብዙም አይርቅም፣ ወይኑ ግን ሞላ ያለ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ክሩ ላይ ነው። ክሩ ማለት በራሱ ስም የሚሸጥ የአንድ አካባቢ ወይን ነው። ክሩዎቹ አሥር ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ ጠርሙሱ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የአካባቢው ስም እንጂ ቦዦሌ የሚለው ቃል አይደለም። ደግሞም ሁሉም ቀላል አይደሉም። ፍለሪና ሺሩብል የአበባ ጠረን ያላቸው፣ ለስለስ ያሉ ናቸው። ሞርጎንና ሙላን አ ቫን ግን ጠንከር ይላሉ፤ ጥሩ ዓመት ከሆነ አሥር ዓመትም ይቆያሉ። ቀላል ወይን ፈልገው ውድ ስለሆነ ብቻ ሙላን አ ቫን ከገዙ የሚያገኙት የፈለጉትን አይሆንም።

ኑቮን ከ10 እስከ 12፣ ቪላዥን ከ12 እስከ 14፣ ክሩን ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያቅርቡ። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ጠርሙሱ አንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሞቅ ካለ አልኮሉ ፍሬውን ይሸፍነዋል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ጠረኑ ይጠፋል። በርበሬ ለበዛበት ወጥ ቀዝቀዝ ያለ ቪላዥ ይስማማል፤ ታኒንና ከፍ ያለ አልኮል ማቃጠሉን ያባብሳሉና። የተረፈውን ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ያስገቡት፤ ኑቮውን በማግስቱ ይጨርሱት፣ ክሩው ሦስት ቀን ይታገሣል።