የቤት ቢራ መጥመቂያው ሳጥን፦ ብቅሉ ምርጥ፣ ቴርሞሜትሩ ውሸታም

ታናሽ እህቴ ናት ያመጣችልኝ። «አንተ ቢራ ስትጠጣ ትንታኔ ታበዛለህ፤ እስቲ ራስህ ጠምቀህ አሳየን» ብላ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጠምቄአለሁ። የመጀመሪያው አልተሳካም። ሁለተኛው ደህና ወጣ። ሦስተኛው ይሄን ስጽፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ነው። የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ 3.8 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ዳሚጃን አለ። ቀዳዳ ያለው የጎማ ውታፍ አለው። ኤርሎክ የምትባል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃም አለች፤ ውሃ ተሞልታ ውታፉ ላይ ትሰካና ጋዝ ታስወጣለች፣ አየር አታስገባም። ሌላው ቱቦ፣ ባለ መርፌ ቴርሞሜትር፣ የማምከኛ ዱቄት፣ 1 ኪሎ የተከካ ብቅል፣ ሁለት ከረጢት ሆፕ (ለቢራው ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ)፣ አንድ ከረጢት ደረቅ እርሾና መመሪያ ነው። ድስቱ፣ ወንፊቱ፣ ጠርሙሱና ቆርኪው ከራስ ነው። ሃይድሮሜትርም፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ በጥግግቱ የሚያሳየው መለኪያ፣ የለውም። ይሄ ቅር አሰኝቶኛል፤ ያለ እሱ ቢራው ተብላልቶ መጨረሱን በምን ታውቃለህ? ለብቻው ገዛሁ።

ከጥሩው ልጀምር። ብቅሉ ምርጥ ነው። ከረጢቱን ስከፍተው ገና ከምድጃ የወጣ ብስኩት ሸተተኝ። አንዷን ፍሬ አኘክኳት፤ ኩርሽም ብላ አፌ ውስጥ ጣፈጠች። አከካኩም ሰው አስቦበታል፤ ውስጡ ተሰባብሯል፣ ልጡ ግን አልደቀቀም። ልጡ ነው በኋላ ጭማቂው ሲጠለል እንደ ወንፊት የሚያገለግለው። ዱቄት ቢሆን ኖሮ ሁሉ ነገር ይደፈን ነበር። ሆፑም አየር በማያስገባ ከረጢት የታሸገ ነው፤ ሲከፈት የብርቱካን ልጣጭና የታጨደ ሳር ይሸታል።

ጠቤ ከመመሪያው ጋር ነው። «አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል» ይላል። እኔ ድስት አጥቤ እስክጨርስ አምስት ሰዓት ፈጅቶብኛል። እስቲ ቁጠሩት። ብቅሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ 1 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ይጠለላል፣ በሙቅ ውሃም ይታጠባል። ጭማቂው 1 ሰዓት ይፈላል። ቀጥሎ ይቀዘቅዛል። ማሞቂያው ሲደመር አንድ ሰዓት ተኩሉ የት ገባ?

የምወደው ክፍል ግን መዘፍዘፉ ነው። 2.7 ሊትር ውሃ አሙቄ ብቅሉን ጨመርኩና አማሰልኩ። መጀመሪያ ስቀምሰው ጣዕም የሌለው ቀጭን አጥሚት ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ ማንኪያውን መልሼ ነከርኩት፤ ማር የገባበት ይመስላል። ማንም ስኳር አልጨመረበትም። ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ቀይረውት ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አስቀመስኳት። «ይሄን እንዳለ ብንጠጣውስ?» አለች።

እዚህ ላይ ነው ቴርሞሜትሩ የሸወደኝ። ዋና ሥራውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል፤ እርሾ በቀላሉ የሚበላውን ስኳር በብዛት የሚያወጣው እሱ ነው። ሌላኛው 70 አካባቢ ይበረታል፤ እሱ የሚተወው ረጃጅም ቁርጥራጭ ደግሞ ለእርሾ አይመችም። ሁለቱንም ለማሠራት 66 ወይም 67 ላይ መያዝ ነው። የእኔ ቴርሞሜትር 67 ይላል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። እውነተኛው ሙቀት ግን 72 ነበር! የመጀመሪያው ኢንዛይም ወዲያው ሞተ ማለት ነው።

ያኔ አላወቅኩም። ወደ ማፍላቱ ሄድኩ። መመሪያው ሆፑን «ሲፈላ ጨምሩ» ብቻ ይላል። እሳቱን ቀንሱ አይልም። የመጀመሪያውን ከረጢት ገልበጥ ሳደርገው ድስቱ ሽው አለና አረንጓዴ አረፋ ምድጃው ላይ ገነፈለ። የተቃጠለ ስኳር ከምድጃ ላይ ማስለቀቅ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። አሁን እሳቱን ቀድሜ እቀንሳለሁ፣ ሆፑንም በጥቂት በጥቂቱ ነው የምበትነው። አንዱን ከረጢት መጀመሪያ ላይ እጨምራለሁ፤ ረጅም መፍላቱ ምሬቱን ያወጣል። ሁለተኛውን ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው፤ ቶሎ የሚተነው መዓዛ እንዲተርፍ። ድስቱም አይከደንም፤ ከእንፋሎቱ ጋር መውጣት ያለበት የተቀቀለ በቆሎ የሚመስል ሽታ አለ።

ማቀዝቀዙ ያው በረዶ የሞላ የዕቃ ማጠቢያ ነው። ከ20 ዲግሪ ብዙ ሳይርቅ ወደ ዳሚጃኑ ገባ፣ እርሾው ተነሰነሰበት። በነገራችን ላይ ይቺን የእርሾ ከረጢት አቅልላችሁ አትዩአት። እ.ኤ.አ. በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በካርልስበርግ ላብራቶሪ ንጹሕ የቢራ እርሾ ለይቶ እስኪያራባ ድረስ ጠማቂዎች የሚያራቡት የተደባለቀ እርሾ ነበር። አንዳንዴ ጥሩ ይወጣል፣ አንዳንዴ ይበላሻል። ዛሬ ከረጢቱን ቀድዶ መነስነስ ብቻ ነው።

መመሪያው «ዳሚጃኑን እስከ አንገቱ ሙሉት» ይላል። አትስሙት። በማግስቱ ሌሊት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማን። አረፋው መውጫ ቦታ ሲያጣ የሆፑ ፍርፋሪ ኤርሎኳን ደፍኗታል፤ ውታፉ ተፈናጥሮ አረፋው ጣሪያው ላይ ተለጥፏል። ባለቤቴ በሩን ከፍታ አየችና ምንም ሳትናገር ተመልሳ ተኛች። አሁን 3 ሊትር ብቻ ነው የምሞላው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃይድሮሜትሩ 1.020 ላይ ቆመ። አራት ቀን ጠበቅኩ፣ ያው 1.020። የጀመርኩት ከ1.050 ነው። ልዩነቱ በ131.25 ሲባዛ አልኮሉ 3.9 በመቶ ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ አይደለም ያስከፋኝ፤ ጣዕሙ ነው። ወፍራም፣ አፍ ላይ የሚጣበቅ። እህቴ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጋ «ይሄ ቢራ ነው ወይስ የሳል ሽሮፕ?» አለችኝ።

ነገሩ ስላልገባኝ ቴርሞሜትሩን የተፈጨ በረዶና ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት። ዜሮ ማለት ነበረበት። መርፌው ከዜሮ በታች 5 ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። የፈላ ውሃ ላይ መሞከርም ይቻላል፤ ግን ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ በረዶው ይሻላል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት። ሳጥኑን በከፈትኩ ቀን ብሠራት ኖሮ ያን ሁሉ ሽሮፕ አልጠምቅም ነበር።

የመጨረሻው ቅሬታዬ ስኳሩ ነው፤ ይሄኛው አደጋም አለው። ቢራው ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲይዝ ሲታሸግ ትንሽ ስኳር ይጨመርበታል። መመሪያው «ለእያንዳንዱ ጠርሙስ 1 የሻይ ማንኪያ» ይላል። ያ 4 ግራም ገደማ ነው። 330 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ጠርሙስ ግን 2 ግራም ይበቃል። ከመጠን ያለፈ ጋዝ ጠርሙስ ያፈነዳል። የእኔዎቹ አልፈነዱም፤ ግን ቆርኪውን ፈልቀቅ ሳደርግ ግማሹ ቢራ እጄ ላይ ነበር። አሁን በሚዛን ለክቼ፣ በትንሽ ውሃ አፍልቼ፣ ከሙሉው ቢራ ጋር ቀላቅዬ ነው የማሽገው።

ለሁለተኛው ዙር ሌላ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ብቅሉንና ሆፑን ከዚያው አምራች አዘዝኩ፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። 1.012 ላይ ጨረሰ፣ 5 በመቶ ገደማ። አተላው ጠርሙሱ ሥር ረግቶ፣ ቢራው ጥርት ብሎ ወጣ። መጨረሻ ላይ የብርቱካን ልጣጯ ሽታ ብቅ ትላለች። እህቴ ሁለት ጠርሙስ ይዛ ሄደች፤ ስለ ሳል ሽሮፑ ምንም አላነሳችም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለቴርሞሜትሩ ነው፣ ሌላውን ለስኳሩ ማንኪያ። የጣሪያዬን ትቼላቸዋለሁ።