የግዢ ሲስተም ልትገዙ ነው? ከመፈረማችሁ በፊት የእኛን ጉድ ስሙ

ሰሞኑን የግዢ ሲስተም፣ ማለትም ግዢን በኮምፒውተር የሚመራ ፕሮግራም፣ የሸጡልን ሰዎች እንደገና ጎንደር ገብተዋል አሉኝ። ከአራዳ ጀምረው እስከ አዘዞ በየሆቴሉና በየጅምላ መደብሩ ካርድ እያደሉ ነው። «ግዢያችሁን ዲጂታል እናድርግላችሁ» እያሉ። ስማቸውን አልጠራም። ጉዳያችን ገና በሽማግሌ ተይዟል። ደግሞ ስም ነገ ይቀየራል፣ አካሄዱን ካወቃችሁ ይበቃል።

እኔና ወንድሜ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሆቴል አለን። ክፍል አለው፣ ምግብ ቤት አለው፣ ከታች ካፌ አለው። ከዚህ ሁሉ ብር የሚወጣው በአንድ በር ነው፤ በግዢ። ዘይት፣ ዱቄት፣ ሥጋ፣ ሳሙና፣ አንሶላ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ። እናም ያ በር ያፈስ ነበር።

እንዴት እንደሚያፈስ አንድ ቀን በዓይኔ አየሁ። ለዘይት ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ቀረበልኝ። ሦስት የተለያየ ማህተም፣ ሦስት የተለያየ ሱቅ። የእጅ ጽሑፉ ግን አንድ። አንደኛው ላይ «ሊትር» የሚለው «ሊተር» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛውም ላይ «ሊተር»። ሦስተኛውም። ግዢ ሠራተኛችንን ቀና ብዬ ሳየው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ስለዚህ ሲስተም መፈለጋችን ስህተት አልነበረም። ዛሬም ስህተት ነው አልልም። ነገሩ በደንብ ሲሠራ ግሩም ነው። ወጥ ቤቱ የሚፈልገውን ይጠይቃል፣ ኃላፊ ያጸድቃል፣ ዋጋ ከብዙ ሻጭ ይሰበሰባል፣ የግዢ ትዕዛዝ ይወጣል። ዕቃው ሲገባ ንብረት ክፍል ቆጥሮ ይመዘግባል። ደረሰኙ ሲመጣ ያዘዝነው፣ የገባው እና ክፈሉ የተባልነው ይመሳከራሉ። ሦስቱ ካልገጠሙ ክፍያ የለም። በወረቀት ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ)፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ)፣ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ) እያልን የምንሠራው ያው ነው። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ አይረሳም፣ ምሳ አይጋበዝም።

ሻጮቹ ግንቦት 2016 ላይ መጡ። ሱፍ የለበሰ ልጅ አዳራሻችን ውስጥ ፕሮጀክተር ተከለ። ለማሳያ፣ ዴሞ ለሚሉት፣ በሲስተሙ ላይ 10 ካርቶን የፕሪንተር ወረቀት ጠየቀ። የወንድሜ ስልክ ጢው አለ። ወንድሜ «አጽድቅ» የሚለውን ነካ። ከዚያ የግዢ ትዕዛዙ ማህተም ሳይቀር ከፕሪንተሩ ወጣ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሜ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። «ከመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዢ ጋርም ይገናኛል፣ ጨረታ ላይ ቅድሚያ ታገኛላችሁ» ሲለንማ አለቀልን።

እዚህ ላይ ልቁም። ይህ ነገር ፍጹም ውሸት ነው። የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዢ ሥርዓት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገዙበት ነው። ለመንግሥት መሸጥ የፈለገ ድርጅት በራሱ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ራሱ ይመዘገብበታል። ሆቴላችሁ ሽንኩርት የሚገዛበት ሲስተም ከዚያ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሲስተም በመግዛት የሚገኝ ቅድሚያም የለም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሰማችሁ ቡናውን ጠጥቶ በሰላም ይሂድ።

ውሉ 11 ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ዋጋው በዓመት 1,800 ዶላር፣ ግማሹ ሲፈረም፣ ግማሹ ሥልጠናው ሲያልቅ። ክፍያው በብር ነው፣ «በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ»። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበርና ነገሩ አልከበደንም። የመጀመሪያዋን 900 ዶላር 51 ሺህ ብር አካባቢ ከፈልን። ቫት የለበትም ብለን ነበር፤ «ዋጋው ቫትን አያካትትም» የምትል መስመር ከታች በትንሽ ፊደል አለች ለካ። 15 ከመቶ ተጨመረ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ነሐሴ ላይ ሁለተኛው ክፍያ ሲጠየቅ ያችው 900 ዶላር ከ90 ሺህ ብር በላይ ሆና መጣች። ሻጩ እዚሁ አገር ያለ፣ ሠራተኞቹን በብር የሚከፍል ድርጅት ነው። «ሰርቨሩ (ሲስተሙ የተጫነበት ኮምፒውተር) ውጭ ስለሆነ ነው» አሉን። ሰርቨሩ በዓመት ስንት እንደሚከፈልበት ግን እስከ ዛሬ ሊነግሩን አልፈለጉም።

ይሁን ብለን መስከረም 2017 ላይ ሥራ ጀመርን። ችግሩም አብሮ ጀመረ።

በዴሞው ላይ ማንም ከቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት አልገዛም። የኛ ግዢ ግን ግማሹ ከዚያ ነው። እንቁላል፣ ቅቤ፣ ጎመን፣ ማገዶ ከገበሬ ነው የሚመጣው። ሲስተሙ ደግሞ አዲስ ሻጭ ለመመዝገብ ባለ 10 አሃዝ ቲን ካልሞላችሁ አያሳልፍም። እንቁላል ይዛ ለምትመጣ እናት ቲን ከየት ይምጣ? ድሮ ለእንዲህ ዓይነቱ ግዢ የሻጩን ስምና ቀበሌ ጽፈን እናስፈርም ነበር።

የንብረት ክፍላችን ኃላፊ ወደ 60 ዓመት የተጠጉ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። መፍትሔ አበጁለት። አሥር ዜሮ ሞሉ። አለፈ። ለሁለተኛዋ ሻጭ አሥር ዜሮ ሲሞሉ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» አላቸው። መጨረሻዋን አንድ አደረጓት። ከዚያ ሁለት። ኅዳር ላይ 43 ደርሰዋል። ሂሳብ ሹማችን ዝርዝሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ይህ ሪፖርት ገቢዎች ቢገባ በሐሰተኛ ቲን ልንጠየቅ ነው» አለ። ደውለን ስንጠይቃቸው «ማስተካከያው ተጨማሪ ሥራ ነው፣ 20 ሺህ ብር» አሉን።

ቀኑም የፈረንጅ ነው። ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም። በጀት ዓመቱን ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ ጀምሮ ይቆጥራል፣ ሐምሌ 1 ብትሉት አይገባውም። ሪፖርት ባወጣን ቁጥር ሂሳብ ሹሙ ካልኩሌተርና የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይዞ ይቀመጣል።

የከተራውን ቀን ግን አልረሳውም። ጥር 10 ቀን 2017፣ ቅዳሜ። ቤቱ ሞልቷል። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ የሚወርዱበት ሰዓት እየቀረበ ነው፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው። ለነገ ቁርስ የሚሆን እንቁላል የያዙ አንዲት እናት በጓሮ በር ቆመዋል፤ ሦስት ቅርጫት፣ ጭድ ተጎዝጉዞበት። እትዬ መቀበል አይችሉም። ግዢው መጽደቅ አለበት። የሚያጸድቀው ወንድሜ ነው፣ እሱ ደግሞ እናታችንን ይዞ ወጥቷል፣ ስልኩ ላይ ኔትዎርክ የለም። ሌላ ሰው ተክቶት እንዲያጸድቅ የሚያደርግ ነገር ሲስተሙ ላይ አልተሞላም። እኔ ልግባ ብል የይለፍ ቃሌ «ፈቃድ የሎትም» ይለኛል። እዚያው ላይ መብራት ሄደ።

እናትየዋ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። በመጨረሻ ተናደዱ። «ቆይ፣ ይኼ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ ማነው? ካለ ጥሩልኝና ላነጋግረው» አሉ። እትዬ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው እንቁላሉን ተቀበሉ፣ ከኪሳቸው ከፈሉ፣ ከመሳቢያቸው የሞዴል 19 ፓድ አውጥተው ጻፉ። ፓዱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ለካ ከመስከረም ጀምረው ሁሉንም ግዢ በድብቅ በወረቀትም ሲይዙ ኖረዋል። «ይኼን ነገር አላመንኩትም» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥፋት የሠሩ ይመስል።

እኛም ማመን አልነበረብንም። ከ2015 ክረምት መጨረሻ ጀምሮ ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦብን የኖርን ሰዎች ነን። ያለ ኢንተርኔት አንዲት መስመር የማይጽፍ ነገር ስንገዛ ይህን አለማሰባችን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ። የእህቴ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የሚማረው። ለትንሣኤ ቤት መጥቶ የምናማርረውን ሰማና «እስቲ ልየው» አለ። ከፈተው። ትንሽ ነካካ። ከዚያ ሳቀ። «አጎቴ፣ ይኼ እኮ ኦዱ ነው» አለኝ።

ኦዱ ከቤልጂየም የመጣ የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ የሚከፈልበት፣ ሌላው ኮሚዩኒቲ የሚባለው ማንም አውርዶ በነፃ የሚጠቀምበት። የግዢ ክፍል በነፃው ውስጥም አለ። የኛ ሰዎች ነፃውን አውርደው፣ ቀለሙን ቀይረው፣ የራሳቸውን ዓርማ ለጥፈው፣ «ከዜሮ የሠራነው፣ የኛ ፈጠራ» ብለው በዓመት 1,800 ዶላር ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) አስከፈሉን።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ነፃ ሶፍትዌር አምጥቶ፣ ጭኖ፣ አስተካክሎ፣ ሰው አሠልጥኖ ገንዘብ መቀበል ነውር አይደለም። ፈቃዱም አይከለክልም። ጎንደር ውስጥም በዚህ ሥራ በሐቅ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ነውሩ የድካም ዋጋን የላይሰንስ ዋጋ ብሎ በየዓመቱ ማለብ ነው። ያቺ የቲን ግዴታ ደግሞ የነሱው ጭማሪ ነበረች። ልጁ «ለማንሳት ጥቂት ደቂቃ ነው፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ካላችሁ» አለ። የለንም። ሰጥተውን አያውቁም።

በክረምቱ ደግሞ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለና ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ለሻጭ ስንከፍል ቀንሰን የምናስቀረው ግብር፣ ከ2 ከመቶ 3 ከመቶ ሆነ። ሲስተሙ ላይ 2ን ወደ 3 ለመቀየር 15 ሺህ ብር ጠየቁን። አንዲት ቁጥር!

በቃን አልን። ነሐሴ 2017 ዓመቱ ሲሞላ አናድስም፣ መረጃችንን ስጡን አልናቸው። የአቅራቢዎቻችን ዝርዝር፣ የዓመቱ ግዢ፣ የዋጋ ታሪኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ። «ገጽ 7ን ይመልከቱ»። ገጽ 7 ላይ መረጃው የሚወጣው በተለየ ክፍያ እንደሆነ፣ ክፍያውንም ሻጩ እንደሚወስን ተጽፏል። የወሰኑት 60 ሺህ ብር ነው። በሳምንቱ መግቢያው ተዘጋ። የእህቴ ልጅ እንዳለው ሥራው ወደ ኤክሴል አውርዶ መላክ ነው፣ ሻይ ሳይበርድ የሚያልቅ።

መረጃ ማጣት ቀልድ አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጁ የሂሳብ ሰነድ ለዓመታት አስቀምጡ ይላል። ኦዲተር ሲመጣ «ሻጩ ዘግቶብን ነው» ማለት አያድንም። እኛን ያዳነን የእትዬ መሳቢያ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፓዱ ላይ እያየን እንደገና ጻፍን።

ዛሬ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? ዴሞውን በነሱ ወረቀትና ካርቶን አላይም። ቅዳሜ ጠዋት ጥሯቸውና የዕለቱን ግዢያችሁን በነሱ ሲስተም እንዲሠሩ አድርጉ፤ ከገበሬው እንቁላል ጋር፣ ከተቋረጠው ኔትዎርክ ጋር። ራውተሩን ነቅላችሁ እዩ። ንብረት ክፍላችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ አለቃ የወደደውን ነገር ስቶር ኪፐር ካልወደደው አይሠራም። ከዚያ ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቁት፤ ይህ ነገር በምን ላይ ነው የተሠራው? ኦዱ ነው? ኢአርፒኔክስት ነው? እሱም እንደዚያው ነፃ ነው። ሐቀኛ ከሆነ ይነግራችኋል፣ የሚያስከፍላችሁም ለሥራው ብቻ ይሆናል። ዋጋው በብር ይሁን፣ ቫቱ ተደምሮ። ውሉ በአማርኛ ይሁን። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በእጃችሁ ይግባ። በየወሩ መጨረሻ መረጃችሁን አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ። የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ከወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን ሂዱ፤ እትዬን ሰምተን ቢሆን ኖሮ ይህ የተደበቀ ፓድ ባልሆነ ነበር።

ለመረጃው ማውጫ የጠየቁትን 60 ሺህ አልከፈልንም። የሽምግልናው ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፣ ሁለቱንም ጊዜ እነሱ ናቸው ያልመጡት። እኛ አሁን የእህቴ ልጅና ጓደኛው በጫኑልን ነፃው ኦዱ ነው የምንሠራው፤ እዚሁ ቢሮአችን ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም አይቆምም። ለድካማቸው በብር ከፈልናቸው፣ ከ1,800 ዶላሩ ጋር አይወዳደርም። ቀኑ አሁንም የፈረንጅ ነው፣ ልጆቹ እየሠሩበት ነው። ግዢ ሠራተኛችን ግን ሥራ ቀይሯል።

ከመካከላችሁ ፈርማችሁ ሁለተኛውን ክፍያ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ብሩን ከማስገባታችሁ በፊት ገጽ 7ን እንግሊዝኛ ለሚችል ሰው አስነብቡ።