ከሃሚልተን 992 የኪስ ሰዓት ጋር 11 ወር

ይህቺን የኪስ ሰዓት ከገዛኋት 11 ወር ሆነኝ። ሃሚልተን 992 የምትባል የአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች ሰዓት ነች። ማሽኗ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር በ1920ዎቹ መሠራቷን ያሳያል። ጠዋት ጠዋት ስሞላት ከስልኬ ጋር አስተያይቼ ልዩነቱን በሰከንድ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ወር አሳዘነኝ። በቀን 2 ደቂቃ ትዘገይ ነበር። ሻጩ በቅርቡ ታጥባለች ቢለኝም፣ ስትከፈት የድሮው ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ ተገኘ። ሙሉ በሙሉ ተፈታታ፣ ታጠበች፣ አዲስ ዘይት በጠብታ በጠብታ ተደረገላት። ከዚያ ወዲህ፣ ወደ ታች ከምነግራችሁ አንድ አጋጣሚ በቀር፣ በሳምንት ከ20 ሰከንድ በላይ ዝንፍ ብላ አታውቅም።

ይህ ቁጥር ለባቡር ሰዓት ትልቅ ትርጉም አለው። በ1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን ላይ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰው አለቀ። የአንደኛው ነጂ ሰዓት 4 ደቂቃ ያህል ቆሞ እንደገና መሄድ ጀምሮ ነበር ይባላል። ከአደጋው በኋላ ዌብ ቦል የተባለ የክሊቭላንድ ሰዓት ነጋዴ የባቡር ሠራተኞችን ሰዓት እንዲቆጣጠር ተሾመ። የመጣው መስፈርት ጥብቅ ነበር፤ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ መቅደምም መዘግየትም አይቻልም ነበር። ላንካስተር፣ ፔንስልቬንያ የተሠራችው የእኔዋ ዛሬም ይህን ፈተና ታልፋለች።

የኋላ ክዳኗን ስከፍት ሁሌም ዓይኔ የሚያርፈው «በ5 አቀማመጥ የተስተካከለች» በሚለው ጽሑፍ ላይ ነው። ሰዓት ስትተኛና ቀጥ ብላ ስትቆም እኩል አትሄድም። ሰዓቷ ስትተኛ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ጊዜ የምትለካው ጎማ በዘንጓ ጫፍ ላይ ብቻ ትቆማለች፤ ሰዓቷ ስትቆም ግን ዘንጉ የተሸከመውን ጥቃቅን የከበረ ድንጋይ በጎኑ ይነካና ሰበቃው ይጨምራል። ይህን ልዩነት ያጠበበው የሰው እጅ ነው። ባለሙያው የጎማዋን ጥቃቅን ብሎኖች እየነካካ፣ ከፀጉር የቀጠነውን ሞላ በወረንጦ እያረመ፣ በየአቀማመጡ ደጋግሞ ይፈትናል። ጎማዋ ራሷ ከውጭ ናስ ከውስጥ ብረት ሆና ሁለት ቦታ ተቆርጣለች። ሙቀት ሞላውን ሲያላላው የጎማዋ ጫፎች ወደ ውስጥ ይታጠፉና ያካክሱታል። ስሙ የትም ያልተጻፈ ሰው የሠራው ሥራ ነው፣ እኔ ደግሞ በየጠዋቱ በደብተሬ ላይ አየዋለሁ።

ችግሮቿን ልናገር። ቆጣሪዎቹን ለማስተካከል የፊት መስታወቱን እንደ ጠርሙስ ክዳን አዙሮ ፈትቶ ትንሽ ምላስ መሳብ ያስፈልጋል። ይህ ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ እንዳይዛነፍ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ወድጄዋለሁ፣ ግን ችኩል ሰው ይሰለቻል። ውሃ አትችልም። መውደቅ ፈጽሞ አትችልም፣ የዘንጉ ጫፍ በቀላሉ ይሰበራል። በአምስተኛው ወር ደግሞ ስፒከር አጠገብ አሳድሬያት በቀን 6 ደቂቃ መቅደም ጀመረች። ያ ቀጭኑ ሞላ ማግኔት ይዞ ጥምዝምዞቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። ማግኔቱ በሰከንዶች ውስጥ ወጣላት፣ ድንጋጤዬ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

አንዴ ስትሞላ ከ40 ሰዓት በላይ ትሄዳለች። እኔ ግን በየ24 ሰዓቱ እሞላታለሁ፤ ኃይል የሚሰጣት ዋናው ሞላ ሲደክም አካሄዷም ይለወጣል። በቅርቡ አንድ ነገር ቀየርኩ። ሌሊት ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ከማስተኛት መስቀያ ላይ ቀጥ አድርጌ አንጠለጥላታለሁ። እስከ ንጋት የምትቀድመው 3 ሰከንድ ወደ 1 ወርዷል።